ቢላዋው ካለፈ በኋላ

ጌጫ በሸካ ዞን የአንደራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቴፒ ወደ ማሻ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ዝናብ ከዓመቱ ወራት አብዛኞቹን በማይለቀው ደጋ ተቀምጣለች። ቁልቁል የቴፒና የየኪ የቡና ቆላ ነው፤ ሽቅብ የማሻ ቀርከሃና እንሰት። በዚህ አገር አንጀቱ የታጠፈበት ገበሬ፣ ምጥ የጸናባት እናት፣ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከረጅም ዛፍ የወደቀ ንብ አናቢ ሕይወቱን በቀዶ ሕክምና ለማትረፍ የሚሄደው ወደ ማሻ ወይም ወደ ቴፒ ሆስፒታል ነው። እነሱ ያልቻሉት ከቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ሚዛን አማን ወዳለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይላካል፤ እዚያም ካልተቻለ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ ይገባል። ሕመምተኛውን በቃሬዛ ከመንደር አውርዶ መኪና የሚጠብቅ ዘመድ ስለነዚህ ሆስፒታሎች ስለ ሕንፃቸውም ሆነ ስለ መሣሪያቸው አይጠይቅም። የሚጠይቀው «እዚያ የገባ በሕይወት ይወጣል ወይ?» ብሎ ነው።

ጥያቄው በቁጥር ሲመለስ ሐኪሞች «ከቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ የሞት መጠን» ይሉታል። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል ከሆስፒታል ሳይወጡ የሞቱት ከመቶ ስንት ናቸው እንደማለት ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ማካፈል ይመስላል። የዚህ ማካፈል ታሪክ ግን ጠብ የበዛበት ነው።

ከቀደምቶቹ ቆጣሪዎች አንዱ ክሎሮፎርምን ለማደንዘዣነት በማስተዋወቅ ስሙ የገነነው የኤድንብራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ባወጣው ጥናት በትልልቅ ሆስፒታሎች እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ 2,089 ሰዎችንና በገጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ቤታቸው የተቆረጠላቸው 2,098 ሰዎችን ጎን ለጎን አቆመ። ከሆስፒታሎቹ ሕመምተኞች 855ቱ ሞተዋል፤ ከመቶ 41 መሆናቸው ነው። ከገጠሮቹ የሞቱት 226 ብቻ፣ ከመቶ 11 የማይሞሉ ናቸው። መጋዙም አጥንቱም አንድ ዓይነት ነበር፤ እንዲያውም ስመ ጥር ቀዳጆች የነበሩት በሆስፒታሎቹ ነው። ሰው የሚሞተው ከተቆረጠ በኋላ፣ አልጋ ከአልጋ በተጠጋጋበት ክፍል ቁስሉ እያመረቀዘ ነበር። ባልደረቦቹ ቁጥሩን ለማጣጣል ብዙ ጻፉ፤ የገጠር ሐኪም የሞተበትን ይደብቃል ያሉም ነበሩ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬም አላለቀም።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሆስፒታሎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግቡ ትወተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ላይ ለተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ሐሳቧን አቀረበች። በ1863 ባሳተመችው መጽሐፏ ደግሞ በ24 የለንደን ሆስፒታሎች የሞት መጠን ከመቶ 90.84 ነው የሚል ሠንጠረዥ ወጣ። ለንደን ተናወጠች። ነገሩ ሲመረመር የዓመቱ ሙታን የተካፈሉት በዓመቱ ለገቡት ሕሙማን ሁሉ ሳይሆን በአንድ ቀን አልጋ ላይ ለተገኙት ነበር። ሙታኑን በትክክል መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ለስንቱ እንደሚካፈሉም ማወቅ ግድ ይላል።

ቦስተን ውስጥ ደግሞ ኧርነስት ኮድማን የሚባል ቀዶ ሐኪም እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓመት ያህል ይከታተሉት፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጥ ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ካስተናገዳቸው 337 ሕሙማን ላይ 123 ስሕተት ለቅሞ በገዛ እጁ አሳተመ። በ1915 የከተማዋን ሐኪሞች የሚሸረድድ፣ ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ የቀበረች ሰጎን ያለችበት ሥዕል በስብሰባ ላይ ገልጦ አሳየ። ከሐኪሞች ማኅበር ኃላፊነቱ ተነሳ፤ ገቢውም ነጠፈ። የሠራውን ሥራ ዋጋ ያወቁለት ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ሐኪም ስሙ የሚነሳው ባዳነው ነው። የሞተበትን የሚቆጥር አልነበረም። የምዕራብ ኢትዮጵያ የሚሲዮን ሕክምና ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በእንዲህ ያለ ወሬ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ወደ ወለጋ ገብቶ ደምቢ ዶሎ ላይ ከሠራ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ጎሬ ላይ የኢሉባቦሩን ገዥ የራስ ናደውን ጆሮ አክሞ ከውስጡ ነፍሳት እንዳወጣና ዝናው ቀድሞት ቤተ መንግሥት እንደደረሰ የሚሲዮኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ብዙ ሳይቆይ ላምቢ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አቆመ። ወጌሻም እንዲሁ ነው። አጥንት ጠግኖ ያስነሳቸው ብዙዎች ይመሰክሩለታል። አለቅጥ በጠበቀ እስር ደም አጥቶ እግሩ የሞተበት ሕፃን ግን የሚመዘገበው በወጌሻው ደጅ ሳይሆን እግሩን በሚቆርጡለት በጥቁር አንበሳና በሌሎች ሆስፒታሎች ነው። ሙት ወይም ጎዶሎ የሚቆጠረው መጨረሻ በደረሰበት ቤት ነውና።

ዘመናዊው ቢላዋ ወደ አገሪቱ የገባው ጦርነትን ተከትሎ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ሐረርና አዲስ አበባ ላይ ቁስለኞችን አክሟል። በልጅነታቸው ከመቅደላ ተወስደው ሕንድ ውስጥ ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚያው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1902 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ። ደቡብ ምዕራቡ ግን ብዙ መጠበቅ ነበረበት። የጅማ ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ሲሠራ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ያሰቡትም ለወታደሮቻቸው ነበር። ከማሻና ከጌጫ፣ ያኔ በኢሉባቦር ሥር ሞቻ ከሚባለው አውራጃ፣ በበቅሎ መንገድ እዚያ መድረስ ለደህና ሰውም የቀናት ጉዞ ነበር። አንጀቱ ለታጠፈበት ሰው ቀናት የሉትም።

የምዕራቡን አገር ሁኔታ ከማንም ቤት ይልቅ ያጋለጠው የቤተ መንግሥቱ ሐዘን ሳይሆን አይቀርም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመርቀዋል። ከነፃነት በኋላ አገር ቤት ገብተው አገቡ። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባለቤታቸው አቢይ አበበ በሚያስተዳድሩበት በወለጋ፣ ነቀምት ላይ፣ ገና በ22 ዓመታቸው በወሊድ ሳቢያ አረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ራሳቸው ነርስ፣ የገዥ ባለቤት የሆኑት ልዕልት እዚያ ካልዳኑ፣ የቡና ለቃሚዋን ዕጣ መገመት አያስቸግርም። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል፣ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ብዙ ገንዘብ ያሰባሰቡለት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡትም እዚያው አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን አቆሙ፤ በ2010 አንደኛው ቅርንጫፍ መቱ ላይ ተከፈተ። ፊስቱላ በጊዜው ቀዶ ሕክምና አጥታ ግን ሳትሞት የቀረች ሴት የምትሸከመው ጉዳት ነው። አብረዋት ያማጡትና ያልተረፉት በየትም መዝገብ የሉም።

ባለሙያ ማፍራቱም ቀስ ብሎ መጣ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ተብለው የሚታወቁት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ሙያውን የቀሰሙት በዚያው በሲምፕሰን ከተማ በኤድንብራ ነው፤ ከዚያም የአዲስ አበባው ሕክምና ፋኩልቲ ከመሠረቱትና ተማሪዎችን ካወጡት ዋነኛው ሆኑ። የወጡት ቀዳጆች ግን ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም በርዕሰ ከተማዋ ቀሩ። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ሌላ መንገድ ያዘ። ልምድ ያላቸውን ጤና መኮንኖች ሦስት ዓመት አስተምሮ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያ አድርጎ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ላከ። ሥልጠናውን ከጀመሩት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ጅማ ነው። ከዚያ በፊትም ትግራይ ውስጥ በሆስፒታሎች የተደረጉ የወሊድ ቀዶ ሕክምናዎች ከግማሽ በላይ የተሠሩት ስፔሻሊስት ባልሆኑ፣ ሐኪምም ባልሆኑ ሠልጣኞች እንደሆነ የታተመ ጥናት አሳይቷል። በትንንሽ ከተሞች ሌሊት ሆድ የሚከፍተው እጅ ብዙውን ጊዜ የእነዚህ ሰዎች ነው። ምስጋናቸው ግን ከሥራቸው ጋር አይመጣጠንም።

ቁጥሩ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን አምስት ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀ፣ አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ አስታወቀ፤ አገሮች ሊከታተሏቸው ከሚገቡ ስድስት መለኪያዎች አንዱ አድርጎም ይህንኑ የሞት መጠን አስቀመጠ። ኢትዮጵያ ፈጥና ምላሽ ሰጠች። በ2008 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ደኅንነቱ በተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ሕይወት ማዳን የሚል አገራዊ ፕሮግራም ጀመረ፤ ሆስፒታሎች ሪፖርት ከሚያደርጓቸው መለኪያዎች መካከልም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርስ ሞት አለበት።

እዚህ ላይ የወረቀቱ ነገር ይመጣል። ቀዶ ሕክምና ክፍል የራሱ መዝገብ አለው። የሕመምተኛው ስም፣ የበሽታው ዓይነት፣ የተሠራው ሥራ፣ የቀዳጁና የሰመመን ሰጪው ስም ይጻፍበታል። ሕመምተኛው ከጠረጴዛው ነፍሱ ሳትወጣ ከተነሳ ያ መዝገብ ስለ እሱ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ዋርድ ውስጥ ቢሞት የሚጻፈው በሌላ መዝገብ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስምና የካርድ ቁጥር የሚያመሳክር ካልተገኘ፣ የቀዶ ክፍሉ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ዋርዱም የሞተበትን ሰው ከቢላዋ ጋር አያገናኘውም። የሞት መጠኑ ዝቅ ብሎ የሚታየው አንዳንዴ ሕክምናው ስለተሻሻለ ሳይሆን ሁለት መዝገብ ስላልተገናኘ ነው።

ይህ የዋርድ ሞት ምን ያህል እንደሆነ በአፍሪካ ደረጃ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 አገሮች የሚገኙ 247 ሆስፒታሎች ለአንድ ሳምንት ቀዶ ሕክምና ያደረጉላቸውን ሕሙማን ሁሉ መዘገቡ፤ 11,422 ሰዎች ሆኑ። ውጤቱ በ2018 ሲታተም ከመቶ 18ቱ የተወሳሰበ ችግር እንደገጠማቸው፣ ከመቶ 2.1 እንደሞቱ ታወቀ። ሁለት ከመቶ ትንሽ ይመስላል። ከዓለም አማካይ ጋር ሲነጻጸር ግን እጥፍ ነው። ይህ የሆነው ደግሞ ሕሙማኑ ወጣቶች ሆነው ነው፤ የዕድሜያቸው አማካይ 38 ተኩል ገደማ ሲሆን ብዙዎቹም ሌላ በሽታ የሌለባቸው ነበሩ። ከሞቱት 239 ሰዎች 225ቱ፣ ማለትም ከመቶ 94ቱ፣ የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ቀን በኋላ ነው። ዘመድ የሚፈራው ጠረጴዛው ላይ መቅረቱን ነው፤ ከውጭ ቆሞ የሚጸልየውም የቀዶ ክፍሉ በር እስኪከፈት ነው። ቁጥሩ የሚለው ግን የሚያስፈራው በሩ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው።

በአህጉሩ ሁሉ የታየው ይህ ነገር አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ ስም ወጥቶለት ነበር። ጄፍሪ ሲልበርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ቀላል ነገር ለዩ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ችግር መከሰቱ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በሕመምተኛው ሁኔታ ነው፤ ችግሩ ከተከሰተ በኋላ መትረፉ ወይም መሞቱ ግን በሆስፒታሉ። በ2009 አሚር ጋፈሪ፣ ጆን ቢርክማየርና ጀስቲን ዲሚክ 84,730 ሕሙማንን አጥንተው ነገሩን አጠነከሩት። ሞት የበዛባቸው ሆስፒታሎች ከመቶ 6.9፣ ሞት ያነሰባቸው 3.5 ነበሩ። በሁለቱ ዘንድ የችግሩ መከሰት ግን ተቀራራቢ ነበር። እንዲያውም ሞት በበዛባቸው ከመቶ 24.6፣ ባነሰባቸው 26.9 ሆኖ ተገኘ። የተለየው ብርቱ ችግር ከገጠማቸው መካከል የሞቱት ነው፤ በደካሞቹ ሆስፒታሎች ከመቶ 21.4፣ በጠንካሮቹ 12.5። ልዩነቱ የመጣው ከቢላዋው አይደለም።

ከምን መጣ? ሆዱ የተሰፋለት ሰው በሁለተኛው ሌሊት የልብ ምቱ ይፈጥናል። ትኩሳት ይነሳል፤ ሽንቱ ይቀንሳል፤ ሆዱ ይነፋል። ይህ አንጀቱ የተሰፋበት ቦታ መልቀቁን ወይም መግል መቋጠሩን ይናገራል። ምልክቱን አይቶ ለሐኪም የሚደውል ነርስ፣ ደወሉን ሰምቶ የሚመጣ ሐኪም፣ ደም፣ ኦክስጅን፣ ሁለተኛ ጊዜ የሚከፍት ቡድን ካለ ሰውየው ይተርፋል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ እስኪነጋ ያለው ጊዜ ይፈጀዋል። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ፔንሲልቬንያ ውስጥ 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው ለአንድ ነርስ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል ከመቶ 7 እንደሚጨምር አሳይተዋል። ያ የአሜሪካ ዋርድ ነው። የኢትዮጵያን ዋርድ በሌሊት ያየ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይቀጥላል።

በኢትዮጵያ ግን ከነርሷ ሌላ አንድ ሠራተኛ አለ፤ ደመወዝም ማዕረግም የለውም። አስታማሚ ይባላል። አልጋ ሥር ያድራል፤ ሾርባ ያጠጣል፤ የሽንት ከረጢት ይደፋል፤ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ ይዞራል፤ ሕመምተኛው ሲያቃስት ነርስ ፍለጋ ኮሪደሩን ይሮጣል። ከሸካ ተራሮች ወደ ሚዛን አማን ወይም ጅማ ለሚላክ ሕመምተኛ አስታማሚው ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም አማት ነው። ከተማውን አያውቅም፤ ቡናውን ጥሎ መጥቷል። ስንቅ ሲያልቅበት «ይበቃናል፣ እንሂድ» ማለቱ አያስገርምም።

የአስታማሚውን ዓይን ለሕክምናው መጠቀም ይቻል እንደሆነ በአፍሪካ ደረጃ ተሞክሯል። የ2016ቱን ጥናት ያካሄደው ቡድን ቀጥሎ በ28 አገሮች፣ በ332 ሆስፒታሎች፣ ከ28,000 በላይ ሕሙማን ላይ አንድ ሙከራ አደረገ። ከመሞት አደጋ ቅርብ የሆኑት ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነጥብ ይለያሉ። ከዚያ ነርሶች ቶሎ ቶሎ እንዲያዩአቸው፣ አልጋቸው ከነርሶች ጠረጴዛ ፊት ለፊት እንዲሆን፣ ከተቻለ ወደተሻለ ክፍል እንዲገቡ፣ ቤተሰብም ዋርዱ ውስጥ አብሯቸው እንዲቆይ ተደረገ። በ2021 የወጣው ውጤት አንገት የሚያስደፋ ነበር። ሞቱ አልቀነሰም። አልጋ ማዛወር ነርስ አይጨምርም፤ ምልክቱ ቀድሞ ቢታይ እንኳ ተጠርቶ የሚመጣ ሰውና የሚሰጥ ነገር ከሌለ መታየቱ ብቻ ምን ይፈይዳል? ሐሳቡ መጥፎ ነበር ማለት አይደለም፤ ቤተሰብ አልጋ አጠገብ ማደሩ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም እንጂ።

የተሳካውም ነገር አለ፤ አንዱ የተሳካው በዚሁ በደቡብ ምዕራቡ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ቀዶ ሐኪሙ አቱል ጋዋንዴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቋቋሙት ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት ጅማ ካለበት አምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጋር ስድስት ነገሮችን ያዘ። እጅንና የሕመምተኛውን ቆዳ በአግባቡ ማጽዳት፣ የጋውንና የመሸፈኛ ጨርቅ ንጽሕና፣ የመሣሪያ መቀቀል፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከመቀደዱ በፊት በሰዓቱ መስጠት፣ ከመስፋት በፊት ጎዝ መቁጠር፣ የደኅንነት ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ማንበብ። አንዱም ቢሆን አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በተከታተሏቸው 2,213 ቀዶ ሕክምናዎች የቁስል ማመርቀዝ በሲሶ ያህል ቀነሰ። አፍሪካዊው ጥናት ከችግሮች ሁሉ የበዛው ቁስል ማመርቀዝና ሌላ ኢንፌክሽን ነው፣ ኢንፌክሽን ከያዛቸውም ከመቶ አሥር የሚጠጉት ሞተዋል ባለበት አህጉር ይህ ቀላል አይደለም። ሲምፕሰን በ1869 የቆጠረውም ይኸው ሞት ነበር።

ወደ ጌጫ ስንመለስ ቁጥሩ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። ማሻ ወይም ቴፒ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ጉልህ ድርሻ በቀዶ ማዋለድ ነው እንበል፤ እናቶቹ ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ይድናሉ። የተበሳ አንጀት፣ የፈነዳ ማሕፀን፣ ራሱ የተመታ ሰው ግን ሪፈር ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ሚዛን ወይም ወደ ጅማ ይሄዳል። በመጨረሻ የላኪው ሆስፒታል የሞት መጠን ያምራል፤ የተቀባዩ ይከፋል። ጥሩ ሥራ የሠራው ማን እንደሆነ ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በቀዶ መውለድ ራሱ በአፍሪካ ደረጃ ከሺህ ከአምስት በላይ እናቶችን እንደሚያሳጣ፣ ይህም ከበለጸጉት አገሮች 50 እጥፍ ያህል እንደሆነ በዚያው የ2016 መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ለእናቶቹ ለብቻ፣ ለሆድ ድንገተኛ ለብቻ ካልተቆጠረ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል።

ሐኪም ቁጥሩን የሚያከፋበትን ሕመምተኛ የሚሸሽበት ሁኔታም ታይቷል። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የልብ ቀዶ ሕክምና ሞትን በየሆስፒታሉ፣ በኋላም በየሐኪሙ ስም ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ። የሕሙማኑን ሁኔታ ከግምት ያስገባው ሞት ከ1989 እስከ 1992 ከመቶ 41 ቀነሰ። ድል ነበር። በ1996 ግን የኦሃዮው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች ከኒውዮርክ የሚላኩላቸው ሕሙማን ከሌላው ግዛት ከሚመጡት የበለጠ የከበደባቸው እንደሆኑ ጻፉ። ቁጥር ፊት ሲቆም ከባዱን ሕመምተኛ ወደ ጎረቤት ማሳለፍ የሚቀና መሆኑን ብዙዎች ከዚህ ተረዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ለማድረግ ክፋት እንኳ አያስፈልግም፤ ሪፈር ማድረግ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ግን ሕመምተኛው መንገድ ላይ ቢሞት፣ ያልተቀደደ ሰው ነውና በየትኛውም ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሞት ውስጥ አይገባም።

ወደ ቤት የሄደውም እንዲሁ ነው። መለኪያው የሚያቆመው ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ስሌት በዓለም ላይ በየዓመቱ ቢያንስ 4.2 ሚሊዮን ሰው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በ30 ቀን ውስጥ እንደሚሞት አስልቷል፤ ከሞት ሁሉ ከመቶ 7.7 መሆኑ ነው። የሠላሳ ቀኑ ሒሳብ ለአንድ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል የሚያስቸግር ላይሆን ይችላል። በአንደራቻ ወረዳ አንድ ቀበሌ በስድስተኛው ቀን ወጥቶ በአሥራ ስምንተኛው የሞተ ሰው ግን ሐዘኑ በዕድር ተሸኝቶ ያልፋል፤ የሆስፒታሉ መዝገብ «ተሽሎት ወጥቷል» ይላል። አምስቱን ሆስፒታሎች የተከታተለው የቁስል ጥናት ዋጋው አንዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሕሙማኑን ከወጡም በኋላ እስከ 30ኛው ቀን ለመከታተል ሞክሯል። ስልክ ያለው ሰው ይደወልለታል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ማን እንደተቀደደ፣ ማን እንደሞተ ከሆስፒታሉ ቀድመው የሚያውቁ ናቸው። እነሱን የሚጠይቅ ቅጽ ግን ከቀዶ ክፍሉ አይነሳም።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ካፋና ጎረቤቶቻቸው በአንድ ጤና ቢሮ ሥር ሆኑ፤ ጅማ ግን የኦሮሚያ ናት፤ መቱም። ከጌጫ የተነሳ ሕመምተኛ በሕክምናው መንገድ ላይ ሁለት ክልል፣ ሦስት ሆስፒታልና አራት መዝገብ ሊነካ ይችላል። ማሻ ላይ ሪፈር የተጻፈለት፣ ሚዛን ላይ የተቀደደ፣ ጅማ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተከፍቶ ያረፈ ሰው በአሁኑ አቆጣጠር የጅማ ሞት ነው። የመጀመሪያው ስፌት የለቀቀበት ሌሊት ሚዛን ላይ ማን ተረኛ እንደነበር፣ ከማሻ ሲነሳ አምቡላንሱ ስንት ሰዓት እንደጠበቀ የሚያውቀው አብሮት የዞረው አስታማሚ ብቻ ነው፤ እሱን ግን ማንም አይጠይቀውም።